በሁለቱም ወገኖች ስምምነት

ማዕድን ሚኒስቴር ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ለአንዲት ምልክት ብላ ያለቀ የደቀቀ ረቂቅ እንደገና ስለምታስከፍት «ነጠላ ሰረዝ» የሚል ስም ወጥቶላት ነበር። እሷም ስትሰማ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚፈረም ውል በእጇ ሳያልፍ ሚኒስትሩ ጠረጴዛ ላይ አይደርስም።

ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። ወላጆቻቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ትምህርቱን አቋርጦ ከባድ መኪና ላይ ረዳት ሆነ፣ ውሎ አድሮም መሪ ጨበጠ። እሷን ግን አንድም ቀን ከክፍል አላስቀራትም። ጋሼ እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ጋሼ ከሚስቱ ጋር የሚኖረው ሊትየም ከሚወጣበት ተራራ ሥር በተቆረቆረች ከተማ ነው። ነጩን ድንጋይ ጭኖ ወደብ ያደርሳል፤ ከወደቡ ወዲያ ስለሚሆነው ብዙም አይጨነቅም። ድንጋዩ ባትሪ ሆኖ መኪና እንደሚነዳ፣ ናፍታም ቀስ በቀስ እንደሚቀር እህቱ ያስረዳችው ቀን፣ «እንግዲህ የምጭነውን መኪናዬ እንዳትሰማ» ብሎ ቀለደባት።

ዓለም ከነዳጅ ልላቀቅ ብላ በተነሣች ጊዜ ያንን ድንጋይ የሚፈልግ በዛ። ትላልቅ የባትሪ ፋብሪካዎች ያሉት አንድ መንግሥት የረጅም ጊዜ ስምምነት እንፈራረም ብሎ ልዑካኑን ላከ። መንገዱን እንሠራለን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን እንዘረጋለን፣ እናንተ ድንጋዩን እንደወጣ ስጡን አሉ። ነጠላ ሰረዝ ግን ሌላ ነገር ይዛ ነበር አዳራሹ የገባችው። ድንጋዩ እንደወጣ አይሄድም፤ ማጣሪያው እዚሁ ተተክሎ፣ ሰዉም እዚሁ ሥራ ይዞ፣ ተጣርቶ ያለቀው ዱቄት ነው የሚወጣው። ይህን ስትናገር የራሷ ወገን የሆኑት እንኳ የውሃ ጠርሙሳቸውን መነካካት ጀመሩ። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆ ያገኘ አገር እምብዛም አልነበረማ።

ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው የዚያ ወገን ጠበቃ ጠጉሩ የነጣ፣ ድምፁ የማይነሣ ሰው ነው። ሲቃወም እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል። የኛዎቹ ሽማግሌው ይሉት ነበር። እሷና ሽማግሌው ሳምንታት ተከራከሩ። እሱ የመብራቱን መቆራረጥ ያነሣል፣ እሷ የመስመሩን ዝርጋታ ታስታውሰዋለች፤ እሱ የሠለጠነ ሰው የለም ይላል፣ እሷ አሠልጥኑ ትላለች። በመጨረሻ ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸና ማጣሪያውን እንተክላለን አለ። አንድ ነገር ግን አለን፤ ፋብሪካው ከቆመ በኋላ ተቆጣጣሪ በፈለገው ሰዓት በር እያንኳኳ ሥራ እንዲያስቆምብን አንፈልግም፤ ፍተሻን የሚመለከተው አንቀጽ ይውጣ።

እሷ አይወጣም አለች። ያን ቀን ከሰዓቱ ሁሉ በዚያ አለቀ። ሚኒስትሩ ወደ ኮሪደሩ ጠርተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለመኗት። ማጣሪያውን ይዘን እንውጣ፣ የቀረውን በኋላ በመመሪያ እናስተካክለዋለን፣ ይህ ዕድል ካመለጠን ጎረቤት ነው የሚወስደው አሏት። እሳቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚያስፈራቸው ባዶ እጅ መውጣት ነበር። ተመልሳ ገባችና አንቀጹ ጨርሶ ከሚወጣ ብላ ማስታረቂያ ሐረግ ራሷ ጻፈች፤ «ፍተሻ በሁለቱም ወገኖች ስምምነት ይካሄዳል» የሚል። ሽማግሌው አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፣ ብዕሩንም አነሣ።

የዚያኑ ዕለት ለጋሼ ደውላ ሁሉንም ነገረችው፤ ያገኘችውንም የለቀቀችውንም አልደበቀችም። እሱ የሰማው ግን ፋብሪካው ለከተማዋ መምጣቱን ብቻ ነበር። ስልኩን ሳይዘጋ ለሚስቱ ሲጮህላት ተሰማት፤ «እህቴ ፋብሪካ አመጣች!»

ፋብሪካው እውነትም መጣ። ተራራው ሥር የነበረው ሜዳ በብረት ተሞላ። ጥሬ ድንጋይ ወደብ መሄዱ ሲቆም ሾፌሮቹ ሥራ ፈቱ፤ ከእነሱ ውስጥ ሠልጥነው ፋብሪካው የገቡ ነበሩ፣ ጋሼ አንዱ ነው። የተመደበው አሲድ ክፍል ነው። የተጠበሰው ድንጋይ ተፈጭቶ ከአሲድ ጋር በሚሽከረከር ረጅም ምድጃ ውስጥ ያልፋል፤ የእሱ ሥራ ያንን ምድጃ መጠበቅ ነበር። ከተማው በሙሉ «የእህትህ ፋብሪካ እንዴት ነው?» ይለዋል። እሱም አፉን ሞልቶ «ደኅና ናት፣ ሰላም ብላችኋለች» ይላል።

መጀመሪያ የተለወጠው ስልኩ ላይ ድምፁ ነበር። ይጎረናል፣ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ያስለዋል። ብርድ ነው ይላታል። ብርዱ ሳይለቀው ዓመቱ ሲገባደድ ፈቃድ ወሰደችና ሄደች።

ሚስቱ በር ላይ አቅፋ ሳመቻት። «እህቴ» ነው የምትላት፤ ከተጋቡ ጀምሮ ሌላ መጠሪያ አልነበራትም። ጓሮው ውስጥ ሁለት የልብስ መዘፍዘፊያ ነበር፤ አንደኛው ለጋሼ የሥራ ልብስ ብቻ ነው። ልብሱ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ስታየው ብል የበላው ይመስል ተበሳስቷል። የቆርቆሮው ጣሪያ ፋብሪካው ባለበት በኩል ዝጎ ቀልቷል፤ በወዲያኛው በኩል ገና ያበራል።

ምሳ ቀርቦ ጋሼ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ በአንድ ወገን ብቻ ሲያኝክ አየችው። ጥርስህን ምን ነካው አለችው። እሱ ሊስቅ ብሎ አፉን ሲከፍት የፊት ጥርሶቹ እንደ ሳሙና ሟምተው አጥረው ታዩ። እንፋሎቱ ነው አላት፤ ክፍላችን ያለን ሁላችንም እንዲሁ ነን፣ ስንስቅ እንተዋወቃለን። ጭሱን የሚስበው መምጠጫ ከተበላሸ ቆይቷል። መለዋወጫው መርከብ ላይ ነው ይባላል፣ መርከቡ ግን አይደርስም። የሠራተኛ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች መጥተው ነበር፤ በር ላይ ያለው ጥበቃ ስምምነቱን አሳይቶ መለሳቸው።

ሚስቱ ሰሐን እያነሣች ነበር። እጇ ቆመ።

ጋሼ ወደ እህቱ ዞሮ፣ «እኔ አንቺን ልወቅስ አይደለም» አላት። «አንቺ ባትኖሪ ይሄ ቤት ባዶ ነበር። ግን ያንን አንቀጽ እንደ አንቺ የሚያውቀው የለም። ሾልኮ የሚገባበት የለውም?»

«እፈልጋለሁ፣ ጋሼ» አለችው።

አንቀጹን በቃሏ ታውቀዋለች፤ መሹለኪያ እንዳይኖረው አድርጋ የጻፈችው ራሷ ናት። ጥሩ ጸሐፊ መሆኗ ያን ጊዜ ነው የቆጫት። ያላት አንድ መንገድ ማስማማት ብቻ ነበር። ሚኒስትሩ ዘንድ ስትገባ ፊታቸው ተለወጠ። የማስፋፊያ ድርድር ላይ ነን፣ ሁለተኛ ምድጃ ሊተክሉ ነው፣ አሁን ነገር አትቆስቁሺ አሏት። ለቀናት በራቸው ላይ ተመላለሰች። ሽማግሌው ያለበት፣ ውሉን የሚከታተለው የጋራ ኮሚቴ እንዲሰበሰብ ሲፈቅዱላት ከሷ ለመገላገል ያህል ነበር።

የገረማት ሽማግሌው ወዲያው መስማማቱ ነው። የወንድሟን ጤና ጠይቆ አዘነላት፤ ሐዘኑም የውሸት አልመሰላትም። ፍተሻው ይካሄድ፣ ነገር ግን ቀኑ አስቀድሞ ይነገረን አለ። ያለ እሱ ፈቃድ በሩ ስለማይከፈት እሺ አለች።

ቡድኑ ፋብሪካው ሲደርስ ግቢው ታጥቦ ነበር። አዲስ የተቀባ ቀለም ይሸታል። አሲድ ክፍል ሲገቡ ምድጃው ቆሟል፤ ለመደበኛ ጥገና ነው አሉ። ሠራተኞቹም ጋሼም ጭምር ፈቃድ ተሰጥቷቸው ቤታቸው ናቸው። የአየር መለኪያው መሣሪያ ተከፈተ፤ በቆመ ምድጃ ዙሪያ የሚለካ ምን ይኖራል? ከላይ የተሰቀለው መምጠጫ ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ ሆኖ ዝም ብሏል። ነጠላ ሰረዝ አስነሡትና ልየው አለች። ጥገናው ሳያልቅ አይነሣም ተባለች፤ ፍተሻው ደግሞ በተስማሙበት ቀን ማለቅ አለበት።

ሪፖርቱ አንዳች ጉድለት አልተገኘም የሚል ነበር። አልፈርምም አለች። ሚኒስትሩ አልተቆጧትም፤ የወንድምሽ ጉዳይ ስላለበት ከኮሚቴው ብትወጪ ለሁላችንም ይሻላል ብለው ሌላ ሰው ተኩ፣ ተተኪውም ፈረመ።

ምድጃው የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በቆመባቸው ቀናት አሲዱ ቱቦው ውስጥ ተኝቶ ረግቶ ደፍኖታል፤ ያንን አጥቦ ለማስነሣት ጊዜ ያስፈልግ ነበር። የወሩ ምርት ግን ጎድሏልና አሁኑኑ ይነሣ ተባለ። የጠዋቱ ፈረቃ ላይ ቱቦው መጋጠሚያው ላይ ተፈነቀለ። ከጋሼ ጋር ሥልጠናውን አብሮ የጀመረ፣ ድሮም መንገድ ላይ ከኋላው የሚነዳ ጓደኛው ከሥር ነበር። ጋሼ ሊጎትተው ገባ። አሲዱ ፊቱን ያገኘው ያኔ ነው።

ነጠላ ሰረዝ ሆስፒታል ስትደርስ ከአፍንጫው በላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ቆመች። ጭንቅላቱን ወደሷ አዞረ።

«መጣሽ?» አለ። ቀጥሎም፣ «እነሱ አይነግሩኝም። አንቺ ንገሪኝ፣ ጓደኛዬ ተረፈ?»

«አልተረፈም፣ ጋሼ።»

ጨርቁ ላይ እጁን ሊያሳርፍ አነሣና ነርሷ የከለከለችው ትዝ ብሎት መልሶ አወረደው።

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ነጠላ ሰረዝ ልታቅፋት ስትቀርብ እጇን ወደ ፊት ዘረጋችና አስቆመቻት። ድምፅዋ አልተነሣም።

«ለእናንተ ፍተሻ ተብሎ ነው የቆመው» አለቻት። «ባይቆም አይደፈንም ነበር። እየሳለም ቢሆን ያየኝ ነበር።»

እውነት ነበር። ቢሳካላት ኖሮ የሚድንበትን፣ ስላልተሳካላት የቆሰለበትን ነገር ያደረገችው እሷ ነች። ሴቲቱ ከዚያን ቀን በኋላ እህቴ ብላት አታውቅም።

ከቀብሩ በኋላ ሠራተኞቹ ፋብሪካው በር ላይ ተቀመጡ። የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ተቆጣጣሪ ሳይነገር፣ ምድጃው እየነደደ ይግባ። ፋብሪካው ይዘጋ ያለ የለም። ሚስቶች ምሳ እያመጡ አብረው ተቀመጡ። ሥራው በቆመ ቁጥር ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሰው የውጭ ኩባንያ ተናደደ፣ የላከውም መንግሥት ተናደደ፤ ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፍ ግልግል ዳኝነት እንወስደዋለን የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ሚኒስትሩ ውሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቅ ሰው ሲያጡ ነጠላ ሰረዝን መልሰው ጠሩ።

ያው አዳራሽ ነው፤ ወንበሮቹ ተቀይረዋል። ሽማግሌው ከመቀመጡ በፊት መጥቶ በወንድሟ ላይ ስለደረሰው ከልብ አዝኛለሁ አላት። ከዚያም ተቀምጦ ወረቀቱን ገለጠና የሱ መንግሥት የሠራተኞቹን ጥያቄ እንደተቀበለ አስታወቀ። ተቆጣጣሪዎቻችሁ በፈለጉት ሰዓት ይግቡ፤ ስለ ስምምነት የሚያወሳው ሐረግ ይሰረዝ። የራሷ ወገን ሰዎች ትከሻቸውን አላቀቁ። እሷ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቀች። መጣም። ይህ የሚያስከትለው መስተጓጎል ስላለ፣ ማጣሪያውን የማንቀሳቀስ ግዴታችን ላይ «አዋጭ ሆኖ እስከተገኘ ድረስ» የሚሉ ቃላት ይጨመሩ አለ፤ ይቅርታም ጠየቀ።

ሚኒስትሩን ኮሪደር አወጣቻቸው። አሁን የምትለምነው እሷ ነበረች።

«ይህን ከፈረሙ ፋብሪካው ይዘጋል» አለቻቸው። «አዋጭ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ፍተሻውን እንጠይቅ፣ ማጣሪያውንም እንያዝ። ሁለቱም የኛ መብት ነው።»

ሚኒስትሩ መስኮቱን ተደግፈው መንገዱን አዩ። ደክሟቸው ነበር። «ሰዉ በር ላይ ተቀምጧል» አሏት። «የጠየቀውን ሰጠነው እልና ይነሣልኛል። ግልግል ዳኝነት ገብተን ብንሸነፍ አይፈርሙ ያልሽኝ አንቺ ነሽ አልልሽም፤ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ያኔ አንድ ነገር ለቀሽ አንድ ነገር ይዘሽ ወጣሽ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።»

ፊርማው ላይ አልተገኘችም። በጠረጴዛዋ ተቀምጣ ከታች ከአዳራሹ የሚመጣውን ጭብጨባ ሰማች።

ከተማው ውስጥ ሦስት ቀን ተጨፈረ። ተቆጣጣሪዎቹ በሩ ተከፍቶላቸው ገቡ፤ ያዩትን ሁሉ ጻፉ፤ መምጠጫው እስኪጠገን ምድጃው እንዳይነሣ አዘዙ። ትክክለኛ ትእዛዝ ነበር። ኩባንያውም ጥገናው አዋጭ ሆኖ አላገኘሁትም አለ። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ማሽኑ ተፈቶ በሣጥን ተጫነ። ነጩ ድንጋይ እንደወጣ ወደብ መውረድ ጀመረ፤ ለዚህም ኩባንያው የራሱን ሾፌሮችና የራሱን መኪናዎች ይዞ መጣ። የጸዳ ባትሪ የሚሠሩት አገሮች ጋዜጦች ግን ስለ አዲሱ የፍተሻ አንቀጽ በጎ በጎውን ጻፉ፤ ለሌሎች ምሳሌ የሚሆን ነው አሉ።

ከተማው ውስጥ የሚወቀስ ሰው ተፈለገ፤ የተገኘውም ጋሼ ነበር። ፊት ለፊት የሚናገረው የለም፤ ግን ዓይኑ ስለጠፋ ጆሮው የተዘጋ ይመስላቸዋል። እህቱ አመጣችው፣ እህቱ አስዘጋችው ሲሉ ሱቅ በር ላይ ሰማ። ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ዕቃ አስጠቀለላት።

አሁን ሦስቱም የሚኖሩት ነጠላ ሰረዝ ቤት፣ ፎቅ ላይ ነው። ጋሼ ክፍሎቹን በእጁ ተማራቸው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ብቻ አሁንም ያደናቅፈዋል። ሚስቱ ልብስ ንጽሕና ቤት ሥራ ይዛለች፤ ስትመለስ እጇ ሞቅ ያለ፣ ቆዳው የተላጠ ነው። ለእህቱ የሚያስፈልገውን ትነግራታለች፦ ሳሙና አልቋል፣ መድኃኒቱ በዚህ ሳምንት ይገዛ። ከዚያ በላይ ቃል አይወጣትም። ነጠላ ሰረዝም ይቅር በይኝ ብላ ለምና አታውቅም፤ ሴትየዋ እሺ ለማለት የምትገደድበት ቦታ ላይ ልታቆማት አልፈለገችም።

በበጋው ሌላ መንግሥት ሌላ ማዕድን ፈልጎ ልዑካን ላከ። ሚኒስትሩ አስጠርተው ረቂቁን አንቺ ካልያዝሽው ማን ይይዘዋል አሏት። መልስ ሳትሰጥ ቤቷ ገባችና ጋሼን አማከረችው። አፉ የሳቀ የሚመስለው የፊት ጥርሶቹ ስላለቁ ነው፤ አለመሳቁን የምታውቀው እሷ ናት።

«ሂጂ» አላት። «ግን አዳራሽ ውስጥ አይሁን። ከመፈረማችሁ በፊት እዚያው እነሱ አገር ካለው ምድጃ ፊት ለፊት፣ እየነደደ፣ አስቁሚያቸውና እዚያ ተነጋገሩ። ሙቀቱ ሲበዛባቸው የሚሉትን ስሚ።»

እንደቀልድ አልወሰደችውም። ልክ እንዲሁ አድርጋ በጽሑፍ አቀረበችው፦ ድርድሩ ከመጀመሩ በፊት ባለሙያዎቻችን ሥራ ላይ ያለ ማጣሪያችሁን ያልተነገረ ቀን ገብተው ይዩ። ልዑካኑ ጥያቄውን በትሕትና ተቀብለው ለመንግሥታቸው እናቀርባለን ብለው ሄዱ። አልተመለሱም። ከድንበር ወዲያ ያለው ጎረቤት ያው ማዕድን አለው፤ ከእሱ ጋር መፈራረማቸው በዜና ተሰማ። ሚኒስትሩ ያን ጊዜ ነው የተቆጡት። ነጠላ ሰረዝን ወደ ሥልጠና ማዕከሉ አዛወሯት፤ አዲስ የሚቀጠሩ ሕግ አዋቂዎችን ውል አረቃቀቅ ታስተምራለች። የፍተሻን ነገር ስታስረዳ አንዳንዱ ማስታወሻ ይይዛል፣ አንዳንዱ ስልኩን ያያል።

የጋሼ ግራ ዓይን ጥላ መለየት ጀምሯል፤ ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይጠበቅም ብሏል። በየጠዋቱ ጠብታ ይደረግለታል። ጠብታው ስለሚያቃጥለው ሳያስበው አንገቱን ይመልሳል፤ ሚስቱም ብቻዋን ሆና ጠብታው ጉንጩ ላይ እየፈሰሰ ይባክንባታል። ባለፈው እሑድ ነጠላ ሰረዝ ወጥ ቤት ቆማ ዕቃ ስታጥብ ሴትየዋ ከሳሎን ድምፅ አሰማች።

«ነይ እስቲ፣ ጭንቅላቱን ያዥልኝ» አለች።

እጇን በቀሚሷ አድርቃ መጣች። ከወንበሩ ኋላ ቆማ የወንድሟን ራስ በሁለት መዳፏ ይዛ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ጠጉሩ ስስ ሆኗል። ሚስቱ ጎንበስ ብላ የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቷ ከፈተችና ጠብታውን አደረገች። እሱ ጥርሱን ሊነክስ ብሎ የሚነከስ አጣ፤ እግሩን ብቻ ወለሉ ላይ ጠበቅ አደረገ።

«ሌላኛውን» አለች ሚስቱ፤ ነጠላ ሰረዝም ራሱን ቀስ ብላ አዞረችላት።